ከኒሙ ሥር የቆመችው ላንድሮቨር

ታኅሣሥ 4 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ካርቱም፣ ቡሪ

ከረሺድ ጋር ተጨባበጥን። ይህን ደብተር የገዛሁት ለመኪናዋ ሥራ ብቻ ነው። ምን እንደተፈታ፣ ምን እንደተገጠመ፣ ምን እንደጎደለ እጽፍበታለሁ። ሌላ ወሬ አይገባበትም።

ረሺድ አከራያችን ነው። እሱና ሚስቱ ከውሰር ትልቁ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ እኔና ሚስቴ በለጡ በግቢው ጥግ ባሉት ሁለት ክፍሎች። ላንድሮቨሯ የሟች አባቱ ናት። ከኒሙ ዛፍ ሥር ከቆመች ዘመኗ ነው። መሪዋ በቀኝ ነው፤ ሱዳን መንገዱን ከግራ ወደ ቀኝ ከመቀየሯ በፊት የገባች ናት። ከኋላ ወንበሯ ሥር የከውሰር ዶሮ ትጥልባታለች። ረሺድ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሰጣት ነበር።

"ለእኔ ስጠኝ፤ አስነሳታለሁ" አልኩት።

"ዓም አምኃ፣ እቺ እኮ ሞታለች" አለኝ እየሳቀ፤ ዓም የሚሉት አጎትን ነው።

"ሞተር አይሞትም። ይደርቃል እንጂ።"

ረመዳን ከመግባቱ በፊት በራሷ ጎማ ሶባ ከደረሰች የእኛ ናት። ካልደረሰች ነጋዴው ይወስዳታል። ውላችን ይኸው ነው።

ሶባ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። በለጡ አዋላጅ ናት፣ የምትሠራው እዚያ ባለ ክሊኒክ ነው። በደህና ቀን ሀፍላ፣ የከተማ አውቶቡስ፣ ተሳፍራ፣ ወርዳ፣ ሌላ ሀፍላ ጠብቃ ነው የምትደርሰው። ሰልፍ ባለ ቀን መንገዱ ይዘጋል፣ ሀፍላ የሚባል ነገር ይጠፋል። ባለፈው ሐሙስ ግማሹን መንገድ በእግሯ መጣች። እግሯን ጨው ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ አገኘኋት። እኔ ከአስተማሪነት ተሰድጄ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ዕድሜዬን የጨረስኩት የእርዳታ ድርጅት ሾፌር ሆኜ ነው። በገዳሪፍና በከሰላ መንገድ ስንቱን ነፍሰ ጡር አድርሻለሁ። የገዛ ሚስቴ በእግሯ ትሄዳለች።

ታኅሣሥ 6

ኮፈኑ ተከፈተ። አየር ማጣሪያው ውስጥ የተርብ ቤት። ባትሪ የለም። የራዲያተሩ ቱቦ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ማኖቬላውን፣ ሞተር በእጅ የሚዞርበትን ብረት፣ ሰክቼ ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለም። ካንዴላዎቹን፣ እሳት የሚተኩሱትን፣ አውጥቼ በቀዳዳቸው ነጭ ጋዝና ዘይት ቀላቅዬ አፈሰስኩ። ይቆይ። ቸኩሎ የሰበረ ብዙ አይቻለሁ።

ታኅሣሥ 9

ዞረ! ትንሽ፣ የጣት ያህል። ግን ዞረ።

ታኅሣሥ 13

ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ወረደ። ሁለት ቫልቭ ተቃጥሏል፤ ሰናዒያ፣ ጋራዦቹ ያሉበት ሰፈር፣ ሄጄ ያገለገለ አገኛለሁ።

ከውሰር ሻይ አምጥታ ከጎኔ አስቀምጣው ኖሮ በክርኔ ደፋሁት። ሰው ከጎን ዕቃ አስቀምጦ ዝም ብሎ ይሄዳል? መዓሌሽ፣ መዓሌሽ አለችኝ፣ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ስሆን። ብሎኖቹንም በሳህን አድርጌ ሁለቱ ጠፉ። በለጡ ከሥራ መጥታ ቀኝ ጉልበቴ አጠገብ አነሳቻቸው።

"እዚህ እኮ ናቸው።"

"እዚያ አልነበሩም" አልኳት።

"አምኃ፣ ዓይንህን ሐኪም ይየው። የአባትህ ነገር ያሳስበኛል።"

አባቴ በስተርጅናው በሰው ክንድ ይመራ ነበር። ሞራ ነው ተባለ፤ ያኔ ደሴ ውስጥ ማን ሐኪም አየው? የእኔ ዓይን ግን ምንም አልሆነም። የቫልቭ ክፍተት ስለካ የፀጉር ልዩነት አያለሁ። ያለ መነጽር ነው ይህን የምጽፈው።

ቁጣዬ ከመጠን አለፈ። በሥራ ደክማ ነው የመጣችው።

ታኅሣሥ 16

ሉጥፊያ ተቀየመችኝ። ከበራችን ወጥቶ ጥጉ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴት ናት፤ ከዚህ ሰፈር ከገባን ጀምሮ እናውቃታለን። "ትናንት እጄን ሳውለበልብልህ ዝም ብለህ አለፍክ፤ ላንድሮቨር ሳይኖርህ እንዲህ ከኮራህ ሲኖርህ እንዴት ልትሆን ነው?" አለችኝ ደንበኞቿ ፊት። ሁሉም ሳቀ። ሐሳብ ላይ ነበርኩ አልኳት። ደግሞም ነበርኩ፤ ስለ ውሃ ፓምፑ።

ታኅሣሥ 21

ሰልፍ ነበር። አስለቃሹ ጭስ ግቢያችን ድረስ ገባ። ስልክ የለም፣ ኢንተርኔት የለም። በለጡ አልመጣችም። ሲመሽ እጠብቃታለሁ ብዬ ጥጉ ድረስ ወጣሁ። አንዱ ረክሻ፣ በእኛ አገር ባጃጅ የሚባለው፣ ከምድር የበቀለ ይመስል ከጎኔ ወጥቶ ክንዴን ገጨኝ። ባለ ረክሻው ጭራሽ እኔን ሰደበኝ። መብራት አላበራም ነበር። ያበራ አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 22 ጠዋት፤ ክሊኒክ አድራ መጣች። ሁለት ሴት አዋልዳለች፤ አንዷ ልጇን "ሰላም" አለችው። እያሳለች ገባች፣ ጭሱ ነው አለች።

የጎደለ፦ ፍሬን ዘይት። ጓርኒሲዮን፣ የቴስታታው ማሸጊያ። የራዲያተር ቱቦ።

ታኅሣሥ 30

ትናንት ገና ነበር። በበዓል ሌሊትም ከመኪናዋ አልተላቀቅሁም፤ በለጡ ነጭ ለብሳ በር ላይ ቆማ እስክትጠራኝ ድረስ ካርቡሬተሩን እያጠብኩ ነበር። ጥፍሬ ውስጥ ቅባት ይዤ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። መብራት ጠፍቶ ነበር።

"ክንዴን ያዝ፤ ደረጃ አለ" አለችኝ።

"ደረጃ እንዳለ አውቃለሁ። ስንት ዓመት የወጣሁትን!"

ያዝኳት ግን። ደስ አላት መሰለኝ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ አልለቀቀችኝም። በበዓሉ ዕለት እንኳ አንድ ደግ ቃል አልተናገርኳትም። ዛሬ ልናገራት ስል ሥራ ሄዳለች።

ጥር 8

ይህን እዚህ መጻፍ አልነበረብኝም። ግን የት ልጻፈው?

በለጡ ታስላለች። ከጭሱ ቀንም አልፎ። ሁልጊዜም አይደለም፤ ተቀምጣ አታስልም፣ ተኝታ አታስልም። ስትነሳ፣ ስትራመድ፣ ወደ እኔ ስትመጣ ነው። ደረት ነው ብዬ እፈራለሁ። ሐኪም ቤት ውስጥ የሚውል ሰው ራሱን አያስታምምም።

ዛሬ ደግሞ ዘይት ላጣራበት ጨርቅ ፍለጋ ወደ ማድቤት ስጠጋ እሷና ከውሰር ሲያወሩ ሰማሁ።

"ነገርሽው?" አለች ከውሰር።

"ገና ነኝ። አሁን ብነግረው ሁሉን ነገር ጥሎ ይቀመጣል። መጀመሪያ ይጨርሳት።"

"ከዘገየስ?"

"ኢን ሻ አላህ አይዘገይም።"

ጨርቁን ሳልወስድ ተመለስኩ። በሽታዋን ደብቃኛለች። እንዳልሰበር ብላ ነው። አርብ አርብም ከከውሰር ጋር በከውሰር መኪና ይወጣሉ፣ ገበያ ነው ይሉኛል፤ አንድም ቀን ዘንቢል ይዘው ሲመለሱ አላየሁም። ሐኪም ጋ ነው የሚሄዱት። ሌላ ምን ይሆናል?

አልጠይቃትም። ራሷ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ይህችን መኪና ማድረስ አለብኝ። ያኔ የሚያመላልሳት እኔ እሆናለሁ እንጂ የሰው ሚስት አይደለችም።

ጥር 16

ተነሳች!

ያገለገለ፣ ደካማ ባትሪ ገጠምኩ። ረሺድ ማኖቬላውን ያዘ፣ እኔ መሪው ላይ። ሦስት ጊዜ ተፋች። ዶሮዋ በመስኮት በረረች። ከዚያ አንዱ ሲሊንደር፣ ሌላው፣ ሌላው፣ አራተኛው ዘግይቶ፣ እያጉረመረመ ገባ። ግቢው በጭስ ተሞላ። ረሺድ ማኖቬላውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

"አባቴ ከእርሻ ሲመጣ..." አለና አልጨረሰውም።

በለጡ ከበሩ ላይ እልል አለች። እየሮጠች መጥታ መጀመሪያ አሳለች፣ ቀጥሎ አቀፈችኝ። እያሳለች መሮጥ ምን አመጣው? አቅፌያት ደረቷን ላዳምጥ ሞከርኩ፤ ሞተሩ ነው የሚሰማው።

ጥር 27

ፍሬን። የአራቱም እግር ከበሮ ወርዶ ታጠበ፣ ጎማዎቹ ተቀየሩ፣ የፍሬኑ ሸራ ተገጠመ። ፍሪሲዮኑ ይይዛል። አራቱንም ጎማ የሚያሠሩት ቢጫዋም ቀይዋም ዘንግ ይሠራሉ፤ አሸዋም ጭቃም አይገታትም።

ረሺድ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፤ "አይ፣ ትንሽ ጠብቅ፤ ሽማግሌው ይሞክር" ይላል። ለብረት ነጋዴው መሆኑ ነው።

ሽማግሌው!

የካቲት 7

ሉጥፊያን ገጨሁ።

በሕይወት አለች። ነገ እጽፋለሁ።

የካቲት 8

እንዴት እንደሆነ እንደነበረ ልጻፍ።

በለጡ ሶባ ነበረች። ለማንም ሳልናገር ሄጄ ከክሊኒኩ በር ላይ ልጠብቃት አሰብኩ። ስትወጣ ታየኛለች፣ ላንድሮቨሯ ላይ ተደግፌ። በቃ ይህን ነበር ያሰብኩት። ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ከኋላዬ ናት። ከበሩ ወጣሁ፣ ጥጉን ይዤ ወደ ቀኝ ዞርኩ። ሁለተኛ ማርሽ ላስገባ ስል የቆርቆሮ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ጩኸት።

ሉጥፊያ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ቦታ ነው የተቀመጠችው። የፊት ጎማው ጋሻ ጠርዝ በርጩማዋን ሲመታው ወደ ኋላ ወደቀች፤ ይህ አተረፋት። ከምድጃው ላይ ያለው የፈላ ውሃ ግን ግራ እግሯ ላይ ተገለበጠ። ደንበኞቿ ከበቡኝ። "ያ ሐጅ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትነዳው?" አለኝ አንዱ። "ፍሬኑ ነው፤ ወደ ቀኝ ሳበኝ" አልኩ። አመኑኝ። ረሺድ ሮጦ መጣና በከውሰር መኪና ሐኪም ቤት ወሰዳት። ላንድሮቨሯን ሰዎች ገፍተው ወደ ግቢ መለሷት።

ሙሩር፣ የትራፊክ ፖሊሱ፣ መጥቶ ሉጥፊያን ሲጠይቃት "ዘመዴ ነው፤ ክስ የለኝም" አለችው። አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ስደተኛ ሆኜ የት እንደማድር እግዜር ያውቃል።

በለጡ ማታ ሰማች። ጮኻ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ እግሬ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። "የእኔ ጥፋት ነው፤ የእኔ ነው" ትላለች። የእሷ ምኑ?

ፍሬኑ ነው። ነገ ቀኙን የፊት እግር አወርዳለሁ።

የካቲት 9

ቀኝ የፊት ከበሮ ወረደ። ንጹሕ ነው። ዘይት አላፈሰሰም። የፍሬኑ ሸራ እኩል ተበልቷል።

ግራውም እንዲሁ።

የካቲት 10

የመሪው ኳሶች፣ ደህና። የመሪው ሳጥን፣ ትንሽ ይላወሳል፣ ግን ወደ የትም አይስብም። ባሌስትራው አልተሰበረም። የጎማው ንፋስ እኩል ነው።

ግቢው ውስጥ ረሺድን ወደፊት አስነድቼ እኔ ከፊት ቆሜ አየሁ። ቀጥ ብላ መጣች። እንደ ክር።

የካቲት 11

ለአስተማሪነትም ለሾፌርነትም ያገለገለኝ አንድ መላ አለ፤ ደህና የሆነውን አንድ በአንድ እያወጡ መጣል። የመጨረሻ የሚቀረው በሽተኛው ነው። ፍሬኑን አወጣሁ። መሪውን አወጣሁ። ባሌስትራ፣ ጎማ፣ ማርሽ።

የቀረ አንድ ነገር አለ።

መሪዋ በቀኝ ነው። ሉጥፊያ የነበረችው በቀኝ ነው። ከክርኔ አጠገብ ማለት ነው። እጄን በመስኮት ብዘረጋ ትከሻዋን እነካው ነበር።

የካቲት 12

ዛሬ በለጡ ዕረፍት ናት። ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ጠራኋት።

"እዚያ ከኋላ፣ ከቀኝ በኩል ቁሚ። እኔ የግቢውን በር ብቻ ነው የማየው፣ አልዞርም። ቀስ ብለሽ ወደፊት ነይ። ሳይሽ 'አየሁሽ' እላለሁ።"

ምን እንደምሠራ ወዲያው ገባት። "ይቅርብን፣ አምኃ" አለች።

"ነይ አልኩሽ።"

በሩን እያየሁ ጠበቅሁ። የብረቱን ዝገት፣ የመቀርቀሪያውን ምስማር፣ ላዩ ላይ የሚሄደውን ጉንዳን ሳይቀር አያለሁ። እሷ የለችም። "ጀምሪ እንጂ!" አልኩ።

"ጀምሬያለሁ" አለች። ድምፅዋ ከጆሮዬ ሥር ነበር።

"ቀጥዪ።"

ጠበቅሁ። ድንገት ነጠላዋ በአየሩ ላይ ብቅ አለ። "አየሁሽ!" አልኩ። ፊቴን ሳዞር የት ቆማ አገኘኋት? ከሞተሩ ኮፈን ፊት። መኪናዋ ትሄድ ቢሆን ኖሮ ከሥሯ ነበረች።

በግራ በኩልም አስደገምኳት። ግራው ትንሽ ይሻላል። ትንሽ።

ወርጄ መርገጫው ላይ ተቀመጥኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች፤ ከመቀመጧ በፊት አሳለች።

"ስለ ደረትሽ ንገሪኝ፤ ሁሉንም ዛሬ እንጨርሰው" አልኳት።

"የምን ደረት?"

"ሳሉ!"

"አምኃ፣ እኔ እኮ ጤነኛ ነኝ። ከዓምና ጀምሮ ከጎን ስመጣብህ ትደነግጣለህ። አንድ ቀን ቢላ ይዘህ ደንግጠህ ጣትህን ቆረጥክ፣ አታስታውስም? ከዚያ ወዲህ መምጣቴን እንድታውቅ ነው የማስለው።"

ከወር በላይ ትሞትብኛለች ብዬ ስፈራ።

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ሌላ ነገር ሆነ። ጭንቅላቴን ይዛ ቆየች። ከውሰር በመስኮት አይታን መጋረጃውን ዘጋችው።

የካቲት 16

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትዕግሥተኛ። የዓይን ግፊት ነው አለች። ሕመም የለውም፣ ከዳር ዳር እየበላ ይመጣል፣ መሐሉን መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ለዚህ ነው ሰው የማያውቀው። በዘርም ይመጣል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እንጠብቀዋለን፣ ጠዋትና ማታ፣ ሳይዘለል።

"መንዳትስ?" አልኳት።

"አንተ ሾፌር ነህ። የሚመጣውን የማያይ ሾፌር ወደ ድርጅታችሁ ቢመጣ ምን ትለው ነበር?"

ቁልፉን ተቀበሉት እል ነበር። አልኳትም።

የካቲት 17

በለጡ ይዛኝ ሉጥፊያ ቤት ሄድን። እግሯ በፋሻ ተጠቅልሎ ፍራሽ ላይ ተጋድማለች። በለጡ ፋሻውን ፈትታ አጠበችላት፣ በየቀኑ እየመጣች ልትቀይርላት ቃል ገባች። እኔ ፍሬኑ ነው ያልኩት ውሸት እንደነበር ነገርኳት። አላየሁሽም፤ ያኔም እጅሽን ስታውለበልቢልኝ አላየሁሽም አልኳት።

ሉጥፊያ "ስለዚህ አልኮራህም ነበር?" አለች።

"አልኮራሁም።"

"አልሐምዱሊላህ። እኔ ያንን ነበር ይቅር ማለት ያቃተኝ።"

አልሳቅሁም። እግሯን አይቼዋለሁ።

የካቲት 20

ረሺድ ብረት ነጋዴውን ይዞ ገባ። ነጋዴው የጎን ቆርቆሮዋን በጣቱ እያንኳኳ ዞራት።

"ዓም አምኃ፣ አዝናለሁ። ኸላስ፣ በቃ። ሌላ ሰው እንዲጎዳ አልፈልግም" አለኝ ረሺድ። እውነቱን ነው። ቆሜ የሠራሁትን ሁሉ በሐሳቤ እፈታ ጀመር።

በለጡ ከቤት ወጣች። "ረሺድ፣ ውላችሁ ምን ነበር?"

"ረመዳን ሳይገባ ሶባ ከደረሰች..."

"ማን ይንዳት ነው የሚለው?"

ረሺድ እኔን አየ፣ እኔ እሷን። ከቦርሳዋ አንድ ካርድ አውጥታ ሰጠችው። ሩኽሳ፣ መንጃ ፈቃድ ነው። ፎቶዋ አለበት። ከውሰር ከበረንዳው ላይ አጨበጨበች።

አርብ አርብ ገበያ ያሉኝ ይህ ኖሯል! "ነገርሽው?" ያለቻት ይህን ነው። ዓይኔ እንደማያይ ከእኔ በፊት አውቃ፣ ራሷን አዘጋጅታ፣ እኔ እስክጨርስ ድረስ ጠበቀች።

ነጋዴው ባዶውን ሄደ።

ማታ ላይ ተናደድኩ። ሴቶቹ ሁሉ ሲያውቁ እኔ ብቻ! "ከእኔ ልትማሪ አትችይም ነበር?" አልኳት። "አንተ ከዓይንህ ጋር ተጣልተህ ነበር፤ እኔ መሐል ገብቼ ምን ላድርግ? ግን ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ብነግርህ ሉጥፊያ አትቃጠልም ነበር" አለችኝ። ያለቀሰችው ለዚህ ነው። ሁለታችንም የድርሻችንን ይዘን ተኛን።

የካቲት 23

የከውሰር መኪና አውቶማቲክ ናት። አውቶማቲክ መንዳት ሊፍት ላይ መቆም ነው። በለጡ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር ረግጣ አታውቅም። መሪው በቀኝ፣ ማርሹ በግራ እጅ። ይህችን መኪና ከእኔ በቀር የሚያስተምራት የለም።

ያላ፣ ሥራ አለኝ ማለት ነው።

የካቲት 26

ጠፋችባት። ጠፋችባት። ጠፋችባት። የከውሰርን የአበባ መደብ ጨፈለቀች። ከውሰር ይቅር አለች፤ ዶሮዋ አላለችም።

መጋቢት 1

ማለዳ፣ ባዶ መንገድ። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስትመልስ ካምቢዮው እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ እኔም አብሬ ጮኽኩ። መኪናዋን አቁማ ዞረችብኝ።

"አትጩህብኝ! እኛ ምጥ ላይ ባለች ሴት ላይ እንኳ አንጮህም።"

"ታዲያ ምን ትላላችሁ?"

"ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ነው የምንነግራት።"

እሺ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት። ፍሪሲዮን ርገጪ፣ ማርሹን አውጪ፣ እግርሽን ልቀቂ፣ ትንሽ ነዳጅ፣ አሁን እንደገና ርገጪ፣ አስገቢ። ጥርሶቹ ሳይነካኩ ገባ። ሁለታችንም ጆሯችንን ሰጠን፤ ልጅ እስኪያለቅስ የምንጠብቅ ይመስል።

መጋቢት 10

ሙቀቱ ጀመረ። ጠብታውን አልዘለልኩም።

በለጡ ዛሬ የቡሪን መንገድ ሙሉ ዞረች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቀመጠው፣ ሞተሩን ለመስማት። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ የተኛሁ ይመስላታል።

ሉጥፊያ በዱላ እየተራመደች ወደ ጥጓ ተመልሳለች። እግሯ ላይ ጠባሳው ይቀራል አለች በለጡ።

መጋቢት 14

ሁለት ቀን ባከነ። ነዳጅ የለም፤ ማደያው ጋ ወረፋው ሰፈሩን ዞሯል። ረሺድ ከዘመዱ ጄሪካን አምጥቶ ሳይናገር ከደጃችን አስቀመጠ። ውላችን ሲወራረድ ማየት ፈልጎ ይሁን የአባቱን ሞተር መስማት፣ አልጠየቅሁትም።

መጋቢት 19

ነገ ሰልፍ አለ፣ መንገድ ይዘጋል። ከነገ ወዲያ የጠዋት ተረኛ ናት። በዚያ ቀን ካልሄድን ረመዳን ይገባል።

ዘይት። ውሃ። የጎማ ንፋስ። የግራ መስታወቱን አጥብቄ አሰርኩ። ሌላ የምሠራው ነገር አጥቼ መቀመጫዋን በሳሙና አጠብኩት።

መጋቢት 21

ሶባ ደረስን።

ሊነጋጋ ሲል ተነሳን። ረሺድ በጀላቢያው ወጥቶ በሩን ከፈተ፤ ቀልድ አልቀለደም። ጥጉ ላይ በለጡ ፍጥነቷን ቀነሰች። "ሉጥፊያ እጇን አንስታለች" አለችኝ። እኔም ወዳለችበት እጄን አነሳሁ። "ቢስሚላህ በሉ!" ስትል ሰማኋት።

በአል-ጣኢፍ በኩል አልፈን መደኒ መንገድ ገባን። የጭነት መኪናዎቹ እየነፉብን ያልፋሉ፤ በለጡ መሪውን አንቃ ይዛ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። በአንደኛው እኔ ልል የነበረውን ቀድማ አደረገችው።

ኬላው ላይ አንድ ወታደር አስቆመን። በለመደው በኩል፣ በግራ፣ መጥቶ እኔን "ሩኽሳ!" አለኝ። መሪው ፊቴ እንደሌለ ሲያይ ግራ ገባው። ዞሮ ወደ በለጡ ሄደ።

"ሐበሺያ፣ ይህን የሚያህል ነገር አንቺ ነሽ የምትነጂው?"

"ሦስት ልጅ ዛሬ ይጠብቀኛል፤ እናቶቻቸው ምጥ ላይ ናቸው። ታቆየኛለህ?" አለችው። ሩኽሳውን አይቶ መለሰላት። "አላህ ይርዳሽ፣ ያ ዳያ" አለ፤ ዳያ የሚሉት አዋላጅን ነው። ልጆቹን ቆጥራ የነገረችው እውነት ይሁን አይሁን አልጠየቅኋትም።

ክሊኒኩ በር ላይ በአንድ ጊዜ አቆመችው። ሞተሩን አጠፋች። ሰዓቷን አይታ ወረደች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ነርሶቹ ወጥተው ከበቧት። ቁልፉን ይዛ ገባች። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ ተውኩት። ቁልፉ የእሷ ነው።

እኔ በሀፍላ ተመለስኩ። ብቻዬን፣ በዱላ። ሐኪሟ ያዘዘችውን ነጭ ዱላ ከቤት ይዤ ስወጣ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፤ እስካሁን ከአልጋው ሥር ነበር። ረዳቱ ክንዴን ይዞ ከሾፌሩ ኋላ አስቀመጠኝ። ጥቂት እንደሄድን አላስችል አለኝ።

"ወንድሜ፣ ሞተርህ በሦስት እግሩ ነው የሚሄደው። አንዱ ካንዴላ አይተኩስም" አልኩት ሾፌሩን።

"እንዴት አወቅክ?"

"እየሰማሁት።"

"ሰናዒያ ወስጄው ምንም የለውም አሉኝ እኮ! ሚካኒኪ ነህ?"

ሾፌር ነበርኩ ልለው ነበር።

"አዎ። ቡሪ መጥተህ አምኃን ብለህ ጠይቅ። ከሰዓት በኋላ አለሁ" አልኩት።